የውሃ አባት የሌለው ቦይ

ነፋስ የቀሰቀሰውን የጣና ማዕበል መልሶ ዝቅ የሚያደርገው ስበት ነው። እኔ ሰሞኑን የምጨነቅባቸው፣ በትንሽ ቺፕ ላይ ተሠርተው በዘይት ውስጥ የውሃ ጠብታ የሚያመርቱ ቦዮች ግን ስፋታቸው 100 ማይክሮሜትር ገደማ፣ የጸጉር ውፍረት ያህል ነው፤ እዚያ ውስጥ ስበት ሥልጣን የለውም። ገዢው የገጽ ውጥረት፣ የፈሳሹን ገጽ እንደ ቆዳ ወጥሮ የሚይዘው ኃይል፣ ነው። በዘይት መሐል የምትሄድ የውሃ ጠብታ ቺፑ ቢዘቀዘቅም ግድ አይሰጣትም።

ቦዩ አንድ ብቻ ሲሆን ነገሩ ያምራል፤ ጠብታዎቹ እኩል እኩል ሆነው ተሰልፈው ይወጣሉ። ግን በሰዓት ቢያልፍ ጥቂት ሚሊ ሊትር ነው። ብዙ ለማምረት ቦዩን ማስፋት አያዋጣም፣ ያ ሁሉ ሥርዓት ይፈርሳል፤ ያለው አማራጭ ጎን ለጎን ማባዛት ነው። «ማባዛቱ ቀላል ነው» ብለው የሚያልፉ ጽሑፎች ያናድዱኛል። የቦይ ፍሰትን በሚገልጸው በሃገን ፖይዝይ ሕግ፣ ክብ ቦይ ለፍሰት ያለው ተቃውሞ በዲያሜትሩ አራተኛ ርቢ በተገላቢጦሽ ይወሰናል፤ ከ100 ማይክሮሜትር ላይ 5 ብቻ ቢጎድል ተቃውሞው 23 በመቶ ይጨምራል፣ ፍሰቱም በየቦዩ እኩል አይሆንም።

ይህ እንግዲህ ጠብታ ሳይገባበት ነው። ቦዩ ለሁለት ክንድ ሲከፈል፣ ጠብታ የገባበት ክንድ ለጊዜው ይከብዳል፤ ተከታይዋ ያኔ ፍሰቱ ወደበረታበት ወደ ሌላው ታዘነብላለች። ተራርቀው ከመጡ፣ የፊተኛዋ ቀድማ ስለምትወጣ፣ ሁሉም ተቃውሞው ባነሰው ክንድ ይነጉዳሉ። ሲቀራረቡ ይፈራረቃሉ፤ አንዳንዴም ቅጥ ያጣል።

ይህን ደብተሬ ላይ ስሥል ሐይቁ ዳር ቡና የሚያፈሉት እትዬ ጎንበስ ብለው አዩት። የመራዊ ሰው ናቸው፤ ወንድማቸው በቆጋ መስኖ ያርሳል።

«ይሄማ የመስኖ ቦይ ነው። የውሃ አባቱ የታለ?»

«የለውም እትዬ፣ ራሱ ይከፋፈላል።»

«ኧረ አይሆንም ልጄ! ራስጌ ያለው ጠጥቶት ይቀራል።»

እውነታቸውን ነው፤ በመስኖ ውሃውን ለየገበሬው በተራ የሚያከፋፍለው የውሃ አባት ነው። ለቺፕ የውሃ አባት የሚሆነው፣ ዘይቱና ውሃው ሳይገናኙ በፊት በየመግቢያው የሚሠራ ማነቆ፣ ተቃውሞው የበዛ የቦይ ክፍል፣ ነው። እዚያ የሚጠፋው ግፊት በዋናው ቦይ ከሚጠፋው ብዙ እጥፍ ከሆነ፣ ታች ጠብታዎቹ የሚፈጥሩት ግርግር ክፍፍሉን አያዛባውም። ፓምፑ ግን ያንን ግፊት መቻል አለበት።

ማነቆውን የግድ ማጥበብ የለብኝም። ሲጠብ ያቺው የማምረቻ ስህተት ተቃውሞውን የባሰ ታዛባለች፣ ቆሻሻም ይደፍነዋል። ርዝመት ግን ተቃውሞን የሚጨምረው በዚያው ልክ ብቻ ነው፤ እጥፍ ቢረዝም እጥፍ። ስለዚህ አስረዝመዋለሁ፤ ቺፑ ላይ ቦታ እስካለ ድረስ እያጠማዘዝኩ።