ሐዋሳ ተቀምጬ የሂውስተንን ሃሪኬን የምከታተልበት ፕሮግራም

ሐይቅ እንጂ ባሕር በሌላት ከተማ ተቀምጦ የሃሪኬን (ከባሕር የሚነሳ ከባድ አውሎ ነፋስ) መከታተያ የሚሠራ ሰው ሥራ ፈት ቢመስል አይገርምም። ጓደኞቼ "ለፍቅር ሐይቅ ነው?" እያሉ ይቀልዱብኛል። ምክንያቴ ግን ቀላል ነው። እህቴ ሂውስተን ትኖራለች። እናቴ ደግሞ ዜና አያመልጣትም። "አሜሪካን አውሎ ነፋስ መታት" ከተባለ ቤታችን ይታመሳል። ፍሎሪዳ ይሁን ካሮላይና ለእሷ ያው ነው፤ ልጇ አሜሪካ ናት።

ደግሞ ነገሩ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። አትላንቲክን ከሚያናውጡት ከባድ ሃሪኬኖች አብዛኞቹ የሚወለዱት ከአፍሪካ ወደ ምዕራብ ከሚጓዙ የአየር ሞገዶች ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የተነሳውን አልቤርቶ የተባለ ሃሪኬን ተመራማሪዎች ዱካውን ወደ ኋላ ሲከተሉ የደረሱት የኢትዮጵያ ደጋ ላይ ከተነሳ ነጎድጓዳማ ደመና ነው። ይህን ለእናቴ ስነግራት አልሳቀችም።

የመጀመሪያው ፕሮግራሜ ብዙ የሚወራለት አልነበረም። ማያሚ ያለው የአሜሪካ ብሔራዊ የሃሪኬን ማዕከል በነፃ የሚለቀውን መረጃ ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ያወርዳል፤ ካርታ ላይ ነጥብ ያስቀምጣል፤ በቃ። ዘንድሮ ግን ቁጭ ብዬ አዳዲስ ነገሮች ጨመርኩበት።

የጀመርኩት ከሰዓት ነው። ማዕከሉ መደበኛ መግለጫውን በየ6 ሰዓቱ ያወጣል፤ በዓለም አቀፉ ሰዓት 3፣ 9፣ 15 እና 21 ላይ። ወደ እኛ ሲመጣ ጠዋት 12፣ ቀን 6፣ ማታ 12 እና ሌሊት 6 ይሆናል። ለእኛ ተብሎ የተሰፋ ነው የሚመስለው! ሰዓቱ በዚሁ አለቀ። ያስቸገረኝ ቀኑ ነው። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩ ረቡዕ ገብቷል፤ እናቴ ግን ገና ማክሰኞ ሌሊት ላይ ናት። "ረቡዕ ሌሊት 6 ሰዓት" ብዬ ብጽፍላት አንድ ቀን ሙሉ ትሳሳታለች። ስለዚህ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ያለውን ሁሉ "ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ" ብሎ እንዲጽፍ አደረግኩት። ጥቂት መስመር ኮድ ናት፤ ግን ከሁሉም በላይ የምወዳት እሷን ነው።

ቀጥሎ ጳጉሜን መጣች። የአትላንቲክ የሃሪኬን ወቅት ከግንቦት 24 ገደማ እስከ ኅዳር 21 ገደማ ነው። ጫፉ ላይ የሚደርሰው ደግሞ እነሱ ሴፕቴምበር 10 በሚሉት ቀን፣ ማለትም ጳጉሜን 5 ላይ ነው። እኛ ለእንቁጣጣሽ ዶሮ ስንገዛ አትላንቲክ ይንተከተካል ማለት ነው። እንደዚህ ዓይነት ፕሮግራም 13ኛዋን ወር ካላወቀ ዋጋ የለውም። መሞከሪያ ያደረግኩት ኢርማ የተባለችውን ሃሪኬን ነው። ፍሎሪዳ የገባችው ጳጉሜን 5 ቀን 2009 ዓ.ም. በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ነበር። ፕሮግራሙ ይህን በትክክል ካወጣ ሌላውንም አይስትም ብዬ ነው፤ አወጣውም። የሂውስተንን ሰዓት በተመለከተ አንድ ምክር አለኝ፦ "8 ሰዓት ቀንስ" ብላችሁ አትጻፉ። ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ልዩነቱ 9 ይሆናል፤ የሃሪኬኑ ወቅት ግን ገና አላለቀም።

ትልቁ ለውጥ ካርታው ላይ ነው። ማዕከሉ የአውሎ ነፋሱን መንገድ የሚያሳየው እየሄደ በሚሰፋ ነጭ ቅርጽ ነው። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አስኬደችና "አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር እየሰፋ እየሰፋ ሂውስተንን ሊውጣት አይደል እንዴ?" አለችኝ። "እማዬ፣ የሚሰፋው ነፋሱ አይደለም፤ የትንበያው ጥርጣሬ ነው" አልኳት። አላሳመንኳትም፤ ብዙ አሜሪካውያንም እንደ እሷ ነው የሚያነቡት። ቅርጹ የሚናገረው የአውሎ ነፋሱ እምብርት ከ3 ጊዜ 2ቱን ያህል እዚያ ውስጥ እንደሚቆይ ብቻ ነው። የሚለካውም ባለፉት 5 ዓመታት ትንበያዎች ስህተት ነው። ዝናቡና ነፋሱ ከቅርጹ ውጭም ይደርሳል። መሐል ላይ የሚሰመረው መስመር ደግሞ ይብሳል፤ ዓይን እሱ ላይ ይተከልና ሌላውን ይረሳል። መስመሩን አጠፋሁት።

በምትኩ ከላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አስቀመጥኩ። ማዕከሉ በሰዓት 63 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ነፋስ አንድ ቦታ ቶሎ ቢባል መቼ ሊደርስ እንደሚችል ያወጣል። ከዚያ ቀድሞ የመድረስ ዕድሉ 10 በመቶ ብቻ ነው። ፕሮግራሜ ይህን ወስዶ "ሂውስተን፦ ቶሎ ቢደርስ ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት" ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚለው "ሂውስተን፦ የሚያሰጋ ነገር የለም" ነው። እናቴ ከዚህ አልፋ ካርታውን የምታይ አይመስለኝም። ያ ሁሉ ቀለም የመረጥኩለት ካርታ!

የሕንድ ውቅያኖስንም ጨምሬበታለሁ፤ ይሄ ለራሴ ነው። ሳጋር የተባለው አውሎ ነፋስ በ2010 ዓ.ም. ግንቦት ላይ በኤደን ባሕረ ሰላጤ አድርጎ ሶማሌላንድ ሲገባ ጎርፉ የእኛን ሶማሌ ክልል ጭምር ነክቷል፤ የእኔ ፕሮግራም ግን አፍንጫው ሥር ያለውን አያይም ነበር። እዚህ ያጋጠመኝ ጣጣ የነፋስ መለኪያ ነው። አሜሪካኖቹ የ1 ደቂቃ አማካይ ይወስዳሉ፣ ሕንዶቹ የ3፣ ሬዩኒየን ደሴት ያለው ማዕከል የ10። አንዱን አውሎ ነፋስ ሦስቱ ቢለኩት ቁጥራቸው አይገጥምም። በስሌት ላስማማቸው አልሞከርኩም። የለካው ማን እንደሆነ አጠገቡ ጻፍኩና ተውኩት።

ኢንተርኔትና መብራት እዚህ እንደምታውቁት ነው። ካርታው አንዴ ይወርድና ስልኩ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚወርደው ጽሑፉ ብቻ ስለሆነ ካርድ አይበላም።

የቀረኝ ዝናቡ ነው። እነሱ ከ1 እስከ 5 የሚሰጡት ምድብ ነፋስን ብቻ ነው የሚለካው። ሃርቪ በ2009 ዓ.ም. ነሐሴ ሂውስተንን ያጥለቀለቃት ነፋሱ ከደከመ በኋላ ነው፤ ቴክሳስ ውስጥ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ የዘነበበት ቦታ አለ። ሐዋሳ ዓመቱን ሙሉ ይህን አታገኝም። የዝናብ ትንበያው ፋይል ከባድ ስለሆነ የሂውስተንን አካባቢ ብቻ ቆርጦ የሚያወርድ ኮድ እየጻፍኩ ነው። እስከዚያው የምድቡን ቁጥር ከገጹ አንስቼዋለሁ። ሐምሌ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ቤሪል ቴክሳስ ስትገባ "ምድብ 1" ነበረች፤ ከ2 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ግን ጨለማ ውስጥ ቀሩ። እህቴም አንዷ ነበረች። እናቴ ከሐዋሳ ደውላ ሻማ እንዴት እንደሚቆጠብ ስትመክራት አመሸች።