«የ16 ምርት ነው» ብሎኝ ገዛሁ

በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ለተሳቢዬ የኋላ አክስል አራት ጎማ ፍለጋ ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር ሄድኩ። በቆሎ የሚሰበሰብበት ወር ስለሆነ የጭነት ጥሪው ፋታ አይሰጥም፤ የነበሩት ጎማዎች ደግሞ ጥርሳቸው አልቆ ለስልሰዋል። ሻጩ ከመጋዘኑ ጥግ አራት ጎማ እያንከባለለ አመጣልኝ። ወረቀታቸው አልተላጠም፤ ከፋብሪካ ሲወጡ የሚኖራቸው ቀጫጭን የላስቲክ ፀጉር እንኳ እንዳለ ነው። እኔም አዋቂ ለመምሰል «የመቼ ምርት ናቸው?» አልኩ። ጎንበስ ብሎ ጎማው ጎን ላይ በትንሽ ሞላላ ክብ ውስጥ የታተመውን 2216 በጣቱ አሳየኝ። «ይኸው ጌታዬ፣ 22ኛው ሳምንት፣ የ16 ምርት።» እኛ ያለነው 2017 ላይ ነው። የአምና መሆኑ ነው ብዬ ጥንድ የእርሻ በሬ የሚገዛ ገንዘብ ቆጥሬ ሰጠሁ።

በሦስተኛው ጉዞ ከአዲስ አበባ ሲሚንቶ ጭነን ስንመለስ፣ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ በምንወርድበት ቁልቁለት ላይ ከኋላ እንደ መድፍ ጮኸ። ወርደን ስናይ የአንደኛው ጎማ ጥርስ ከነሽቦው እንደ ልጥ ተልጦ የጭቃ መከላከያውን ገንጥሎታል። ሾፌሩ ፊቱ አመድ መስሎ «ጋሼ፣ አዲስ አልነበረም እንዴ?» አለኝ። ስኮርታውን፣ ማለትም መጠባበቂያውን ጎማ አስረን፣ በዚያ በረሃ ሙቀት እያላበን፣ ዳገቱን በኤሊ ጉዞ ወጥተን ደጀን ደረስን።

ደጀን ያገኘነው ጎሚስታ ሽማግሌ ነው። የተቀደደውን ጎማ አገላብጦ ቁጥሩን አነበበና «በስንት ገዛኸው?» አለኝ። ነገርኩት። «ልጄ፣ ይህ እኮ የፈረንጅ 16 ነው። በእኛ ግንቦት 2008 የተሠራ ነው።»

«አያ፣ አንድ ቀን እንኳ ያልተነዳ ጎማ ነው» ብዬ ተከራከርኩ። መልሱን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ላስቲክ ቆሞም ያረጃል። ሙቀትና አየር ቀስ በቀስ ያደርቁታል። ከመሰነጣጠቅ የሚጠብቀው ሰም መሰል ነገር ወደ ላይ የሚወጣው ጎማው ሲሽከረከርና ሲተጣጠፍ ነው፤ ለዓመታት የተቆለለ ጎማ ይህን አያገኝም። በጥርሶቹ መካከል ጥፍሩን አስገብቶ ፀጉር የሚያክሉ ስንጥቆችን አሳየኝ። ሽቦውን የያዘው ላስቲክ ሲነካ እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ።

ሁሉንም በዕድሜው ማሳበብ ግን አልወድም። ከመነሳታችን በፊት የጎማዎቹን ነፋስ አልለካንም ነበር። ጥንድ ሆነው ከሚታሰሩት ጎማዎች አንዱ ነፋስ ሲያንሰው ሸክሙ ወደ ጓደኛው ይዞራል፤ በዚያ ላይ በረጅም ቁልቁለት ፍሬን ሲያዝ የታምቡሩ ግለት ወደ ቸርኬው ይሻገራል። ለአሮጌ ላስቲክ ይህ ሁሉ ተደራርቦበታል።

ሻጩ ዋሽቶኛል ማለት አልችልም። ያነበበልኝ ቁጥር ትክክል ነው። ዘመኑን ግን እሱም እኔም በእኛው በኢትዮጵያ አቆጣጠር አሰላነው፤ ወይም እሱ በደንብ ያውቅ ነበር። ተመልሼ ሳናግረው የቀሩትን ሦስቱን በግማሽ ዋጋ ልቀበልህ አለኝ፤ ተቀበልኩ።

ሁለተኛውን ግዢ ደብረ ማርቆስ ላይ ስፈጽም እንደ ገበሬ በሬ ነው የመረጥኩት። ዲኦቲ ከሚሉት ሦስት የፈረንጅ ፊደላት የሚጀምረውን መስመር እስከ መጨረሻው እከተላለሁ፤ የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች ሳምንትና ዓመት ናቸው። አንዳንድ ጎማ ላይ ቀኑ የሚታተመው በአንድ ጎን ብቻ ነው፤ በሌላው ጎን መስመሩ ኖሮ አራቱ ቁጥሮች ላይኖሩ ይችላሉ። ስለዚህ «የለውም» ከማለት በፊት ማገላበጥ ነው። አንዱን አይቶ ሌላውን ማመንም አይሆንም፤ ከአንድ ቁልል ውስጥ የሦስት ዓመት ልዩነት ያላቸው ጎማዎች አግኝቻለሁ። ሻጩ «አንተ ሰውዬ ጎማ ነው ወይስ ሚስት የምትመርጠው?» ብሎ ሳቀብኝ። ሳቁን ችዬ በእጅ ስልኬ መብራት ሁሉንም አየሁ።

ስሌቱ ቀላል ነው። ሳምንቱ ከ37 በታች ከሆነ ከፈረንጁ ዓመት 8 ይቀነሳል፤ ከ37 በላይ ከሆነ 7። 37ኛው ራሱ እንቁጣጣሽ የሚውልበት ነው። በመጨረሻ የገዛኋቸው 3124 ይላሉ፤ ሐምሌ 2016 መሆኑ ነው። እውነተኛው የ16 ምርት 24፣ ወይም ከ37ኛው ሳምንት በኋላ ከሆነ 23 ተብሎ የታተመው ነበር።

ቤት ስገባ ነገሩ አላስቻለኝምና ተሳቢው ሥር ገብቼ ስኮርታውን አየሁት። የተጻፈበት አራት ቁጥር ሳይሆን ሦስት ነው፦ 418፤ 41ኛው ሳምንት፣ በ8 የሚያልቅ ዓመት። ሦስት ቁጥር የሚታተመው ከፈረንጆቹ 2000 በፊት በነበሩት ላይ ነው፤ ቢዘገይ 1998 ነው፣ በእኛ የ1991 መስከረም ማለቂያ። ረዳቴ ያኔ አልተወለደም። ከነሲሚንቶው ከድልድዩ እስከ ደጀን ያወጣን እሱ ነው። አሁን ለሁለት ተሰንጥቆ ግቢ ውስጥ ዶሮዎቹ ውኃ ይጠጡበታል።