ድረሺልኝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ስለቴ መጻፍ ነበርና እጽፋለሁ። ኪዳነ ምሕረት ለእናቴ ያደረገችላትን፣ በእናቴም በኩል ለእኔ ያደረገችልኝን ሳልደብቅ ልመሰክር ተስያለሁ።

ያደግሁት ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ ቤቱ አልቆ ባሕር ዛፉ በሚጀምርበት ዳገት ላይ ነው። አባቴ ከጨንቻ የመጣ ሸማኔ ነበር፤ ቤታችን አንድ ክፍል ስትሆን ግማሹን የሸማ መሥሪያው ጉድጓድ ይዞታል። እናቴ ደግሞ እንጨት ተሸካሚ ነበረች። ገና ሳይነጋ እንጦጦ ትወጣለች፤ ቅርንጫፉን ሰብስባ፣ ከቁመቷ የሚረዝም ሸክም በገመድ ጠፍራ፣ ፊቷ መሬት ሊነካ ምንም ሳይቀረው ጎንብሳ ትወርዳለች። የደን ጥበቃዎች ካገኟት ገመዷን ይቀሟታል። ሸክሙን ከመሬት ስታነሳ የምትለው ቃል ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ኪዳነ ምሕረት፣ ድረሺልኝ!»

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ «ደራሲ» የሚለውን ቃል ከአስተማሪያችን በሰማሁ ሰሞን፣ አብሬያት ስወርድ ጠየቅኋት። «እማዬ፣ እመቤታችን ድርሰት ትጽፋለች እንዴ? ድረሺልኝ የምትያት?»

ሸክሟን አንድ ቋጥኝ ላይ አስደግፋ ትንፋሿን ሰበሰበች። «ታዲያስ! የእኔን ነገር ከእሷ ሌላ ማን ይጽፈዋል?»

እናቴ እንዲህ ናት። ፊደል አልቆጠረችም፤ ቃል ግን ምላሷ ላይ እንደ እንዝርት ይዞርላታል። አንድ ቀን እንጦጦ ማርያም በር ላይ አረፍ ስትል፣ አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡት እዚህ ነው ብዬ የተማርኩትን ነገርኳት። ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልማ፣ ዘወር ብላ ሸክሟን አየችና «እንግዲያው እሳቸውም እኔም እዚሁ ጋራ ላይ ነዋ የጫንነው! እሳቸው ዘውድ፣ እኔ ባሕር ዛፍ» አለች።

ይቺን ይዤ ወደ የኔታ ሮጥኩ። ያኔ ከትምህርት ቤት መልስ እሳቸው ዘንድ እየሄድኩ ጉባኤ ቃና ጀምሬ ነበር፤ ሁለት ቤት ብቻ ያላት፣ ተማሪ ቅኔን የሚጀምርባት ናት። የኔታ ሰምና ወርቅን ሲያስረዱን ስለ አንጥረኛ ያወሩናል። አንጥረኛው መልኩን አስቀድሞ በሰም ይሠራል፣ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፣ እሳት ሲያገኘው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ ወርቁም በሰሙ ቦታ ይፈስሳል። ሁለቱንም ፍች የምትሸከመው ቃል ደግሞ ኅብር ትባላለች። የእናቴን «ጫንን» ሲሰሙ መቋሚያቸውን ደጋግመው መሬት መቱበት። «አንተ ልጅ፣ እናትህ የት ተማረች?» አሉኝ።

«አልተማረችም፣ የኔታ።»

ማታ ስነግራት ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። ፊቷ ግን ዳመነ። «አዎ፣ እኔ ያልተማርኩ ነኝ» አለች። ከዚያ ወዲህ ወረቀት በመጣ ቁጥር፣ ጣቷን ቀለም ነክራ በፈረመች ቁጥር፣ ይህችን ቃል ትደግማታለች። የተናገርኳት እኔ ነበርኩና ለብዙ ዓመት ስትከነክነኝ ኖረች።

አደግሁ፤ ደራሲ መሆን ፈለግሁ። በ2007 ዓ.ም. ተበድሬ አንድ ልቦለድ 1,000 ቅጂ አሳተምኩ። ገጸ ባሕርያቱ በሙሉ የሚኖሩት እኔ ገብቼባቸው በማላውቃቸው ቤቶች ውስጥ ነው። ከሰፈራችን አንድ ሰው፣ ከእናቴም አፍ አንድ ቃል የለበትም፤ እውነቱን ለመናገር አፍሬባቸው ነበር። አንድ አከፋፋይ 200 ያህሉን ወስዶ ሒሳቡን ሳያመጣ ቀረ። የተረፈውን እናቴ አልጋ ሥር ከተትነው። ዕዳው እንቅልፍ ሲነሳኝ አይታ አንድ ሌሊት «አይዞህ ልጄ፣ መጽሐፍህ አልጋ ወራሽ ሆኗል። አልጋ ወራሽ ደግሞ አንድ ቀን ይነግሣል» አለችኝ። ልታጽናናኝ ነበር። እኔ ግን በሩን በላይዋ ላይ ዘግቼ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ለአራት ዓመት ብዕር አላነሳሁም።

ጥቅምት 2011 ዓ.ም. ማለዳ ላይ እናቴን ከምድጃው አጠገብ ወድቃ አገኘናት። ጀበናው ተገልብጦ ፍሙን አጥፍቶታል። ስትሮክ ነው ተባለ። ሐኪም ቤት 11 ቀን ተኛች። ከሞት ተረፈች፤ ቀኝ ጎኗና ንግግሯ ግን ተያዘ። ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነበር፤ ንግግሯ ሊመለስም ላይመለስም እንደሚችል ሳይሸሽግ ነገረኝ፤ የደም ግፊት መድኃኒቷን እንዳታቋርጥ፣ እጅና እግሯን በየቀኑ እንድናንቀሳቅስላት አስጠነቀቀን። ያንን ሁሉ አደረግን።

ቤቱ ዝም አለ። አንድ ሰው በሽታ ላይ ሲወድቅ ከቤቱ ምን እንደሚጎድል ማንም አስቀድሞ አያውቅም። እኔ የጎደለኝ ድምፅዋ ብቻ አልነበረም፤ ከድምፅዋ በኋላ የሚመጣው ነው፣ ቃሉን ወርውራ ወርቁን እስካገኝ ዓይን ዓይኔን የምታየኝ ነገር። አሁንም ታየኛለች፤ የምትወረውረው ግን የለም።

እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ማስጠመቅ ጀመርን። አብረዋት እንጨት የተሸከሙ ሁለት ጓደኞቿ ደግፈው ወደ ሴቶቹ በኩል ያስገቧታል፤ እኔ ውጭ ቆሜ እጠብቃለሁ። የሰው ስለት ሲገባ አያለሁ፤ ጃንጥላ፣ መጋረጃ፣ ጧፍ። እኔ ዕዳ እንጂ ገንዘብ የለኝም። አንድ ቀን ግንቡን ተደግፌ እንዲህ አልኩ፦ «እመቤቴ፣ አፏን ከከፈትሽልኝ ከአፏ የሚወጣውን ሁሉ እጽፋለሁ። አላፍርበትም። ድረሺልኝ።» ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የእናቴ ቃል መሆኑን ያስተዋልኩት።

የካቲት 16 የዓመቱ ንግሥ ደረሰ። ጋራው ነጭ በነጭ ሆኗል። ገና በማለዳ ተጠምቃ ስትወጣ ትንቀጠቀጣለች። አባቴ ከመሞቱ በፊት የሠራላትን ጋቢ ደረብኩላትና ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳት። ጣቶቿ በረዶ ሆነዋል፤ በሁለት እጄ እያሻሸሁ «በረደሽ እማዬ?» አልኳት፣ በጭንቅላቷ ትነግረኛለች ብዬ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ውኃው ገና ከአገጯ እየተንጠባጠበ ነው።

«ተ… ማር… ኩ።»

ጆሮዬን አላመንኩም። «ምን አልሽ? ተማርኩ? ምን ተማርሽ?» አልኳት እንደ ሞኝ።

አልመለሰችም። በደህናው ግራ እጇ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አመለከተችና ዓይን ዓይኔን ታየኝ ጀመር። ያችኑ አያያይ። ያን ጊዜ ገባኝ። ኪዳነ ምሕረት! የምሕረት ኪዳን! እናቴ ምሕረት አግኝታለች፤ ተማረች። ያንን የኔታ የጠየቁትን፣ እኔ «አልተማረችም» ያልኩትን፣ እሷም ዕድሜዋን ሙሉ አንገቷን የደፋችበትን በአንዲት ቃል መለሰችው። መሬት ላይ ተንበርክኬ ጉልበቷ ላይ አለቀስኩ። ጓደኞቿ እልል አሉ፤ የማያውቋት ሰዎች ሁሉ አብረው እልል አሉ። የተኮላተፈ አንደበት የወረወረው ድንገተኛ ድምፅ ነው የሚለኝ አይጠፋም። እኔ ግን እናቴን አውቃታለሁ፤ ወርቁን እስካገኝ ጠብቃኛለች።

በዚያው ሳምንት ደብተር ገዛሁ። ንግግሯ በአንድ ጊዜ አልተመለሰም፤ በቀን ሁለት ቃል፣ ሦስት ቃል። የምትለውን እጽፋለሁ፤ የድሮውን ከጓደኞቿ እየጠየቅኩ እለቅማለሁ፣ እሷ ቅርንጫፍ እንደምትለቅመው። «ባሌም ጥበብ በጣቱ፣ ልጄም ጥበብ በጣቱ» ያለችው ያኔ ነው፤ አባቴ በክሩ፣ እኔ በብዕሩ መሆኑ ነው። ሦስት ደብተር ሞላ። ቃሎቿን ብቻ ሳይሆን ቃሎቿ የተባሉበትን ቀን፣ ዳገቱን፣ ገመዱን፣ ሴቶቹን ጻፍኩ።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የጽዋ ማኅበሯ ተራ እኛ ቤት ሆነ። ጠበሉ ከተቀመሰ በኋላ ሴቶቹ «እስቲ የጻፍከውን አሰማን» አሉኝ። አነበብኩ። ሳቁ፣ አለቀሱ፣ አንዳንዱን «እንዲህ ነበር ያለችው» እያሉ አረሙልኝ። በሚቀጥለው ወር አንደኛዋ፣ ሽሮ ሜዳ መንገድ ዳር ሽንኩርትና ድንች የምትሸጠው፣ በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዛ መጣች። 50 ሺህ ብር ነው። የቤቷን ቆርቆሮ ልትቀይርበት ለስንት ጊዜ የጣለችው ዕቁብ ነው።

«ዕቁቡ ደረሰኝ» አለች። «አንተም ደርሰሃልና ይድረስልህ።»

እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ከለከለችኝ። ስንት ዘመን ደራሲ አድርጊኝ ብዬ የለመንኳት እመቤት አስቀድማ ደራሽ ላከችልኝ። ድርሰቱ ደረሰ፣ ዕቁቡ ደረሰ፣ እሷም ደረሰችልኝ!

መጽሐፉ 1,000 ቅጂ ታተመ። በወመዘክር አዳራሽ ስናስመርቅ ከፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት እነዚያ እንጨት ተሸካሚዎች ናቸው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው። ሁለት ወር ሳይሞላ ለገሃር አካባቢ ክንዱ ላይ መጽሐፍ ቆልሎ የሚያዞር ልጅ ደውሎ «ጋሼ፣ ያቺ የእንጨቷ አለቀችብኝ፣ ሰው እየጠየቀኝ ነው» አለኝ። ስልኩን ዘግቼ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ። ሁለተኛው እትም 3,000 ወጣ፤ እሱም ተሸጠ። በመጀመሪያ የዕቁቡን ብር መለስኩ፤ የሴትዮዋ ቆርቆሮም ተቀየረ። ቀጥሎ የ2007ቱን ዕዳ ከፈልኩ። ለዚህ ሁሉ ክብርና ምስጋና ለእግዚአብሔር ይሁን፤ አማላጅቱን እናቱን ለሰጠንም።

የመጀመሪያውን ቅጂ ከማተሚያ ቤት ያመጣሁ ቀን እናቴ አልጋዋ ላይ ተደግፋ ነበር። ማንበብ አትችልም። ሽፋኑን በግራ እጇ ዳበሰችው፣ ገጾቹን አሸተተች፣ ከዚያ ትራሷ ላይ አደላድላ አስቀመጠችው። አልጋው ላይ።

«ነገሠ» አለች።

አሁን በምርኩዝ ትሄዳለች። ዘንድሮ የካቲት 16 ስለቴን ይዤ አብረን ወጣን። ስንመለስ ያረጁ ጓደኞቿ ድሮ ሸክም ያስደግፉበት በነበረው ቋጥኝ አጠገብ ቆም አለች። የባሕር ዛፍ ምርኩዟን በግራ እጇ ከፍ አድርጋ አየችው፤ በአውራ ጣቷ ልጡን እየፈተገች ትንሽ ቆየች።

«ባሕሩም ቀረ፤ ዛፉም ቀረ» አለችና ዓይን ዓይኔን ታየኝ ጀመር።

አንዱ ቀረ የሄደው ነው፣ አንዱ ቀረ አብሯት ያለው ነው፤ እስከዚህ ድረስ ደርሼበታለሁ። ዛፉ ግን ምርኩዙ ብቻ ነው ወይስ መስቀሉ ብላት «እስቲ አስብበት» አለችኝና መንገዷን ቀጠለች። አራተኛው ደብተር መጀመሪያ ገጽ ላይ ጽፌዋለሁ።