በዊልቸር ሞተር የሚነሳ የ100 ኪሎ ተፋላሚ ሮቦት

የሮቦት ፍልሚያ ሲባል የሁሉም ዓይን የሚያርፈው በሚሽከረከረው ብረት ላይ ነው። ተፋላሚ ሮቦት ለመሥራት ያሰበ ኪሱ የሳሳ ሰው መጀመሪያ መተው ያለበት ግን እሱኑ ነው። 20 ኪሎ የሚመዝን የ90 ሳንቲ ሜትር ዘንግ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር ወደ 30 ኪሎ ጁል ጉልበት ይይዛል። 1,500 ኪሎ መኪና በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር እየበረረ ግድግዳ ሲመታ ማለት ነው። ያው ምት ወደ ባለቤቱም ስለሚመለስ ኩሽኔታው፣ አክሱና ሻሲው ሁሉ እሱን የሚችል መሆን አለበት። ገንዘቡ የሚያልቀው እዚያ ነው። ጓሮ ውስጥ መሞከርማ የማይታሰብ ነው።

ሽብልቅ ብቻ ይዞ መግባትም አያዋጣም፤ የአሜሪካው የሮቦት ፍልሚያ ውድድር ባትልቦትስ የሚሠራ መሣሪያ ይጠይቃል። ስለዚህ ባላጋራን ከሥር ገብቶ የሚያነሳ ክንድ ይሁን። የባትልቦትስ የክብደት ጣሪያ 250 ፓውንድ፣ 113 ኪሎ ገደማ ነው፤ በ2016 የተመለሰው የእንግሊዙ ሮቦት ዋርስ 110 ኪሎ ነበር። በወረቀት ላይ ከ100 አትለፉ። ብሎን፣ ዳዶ፣ ሽቦና ብየዳ ማንም ያልቆጠረውን ኪሎ ይጨምራሉ።

ሦስት ያገለገሉ ባለ 24 ቮልት የኤሌክትሪክ ዊልቸር ሞተሮች ያስፈልጋሉ፤ ሁለቱ ለመንዳት፣ አንዱ ለክንዱ። የማርሽ ሳጥኑ አብሮ ስለሚመጣ የቶርኖ ወጪ ይቀራል። ከኋላ ያለውን ፍሬን ለመንቀል ግን አትቸኩሉ። ኤሌክትሪክ ካላገኘ ሞተሩን ቆልፎ ይይዛል፤ ለልኬት የሚፈለገውም ይኸው ነው። ሞተሩ ተቆልፎ ሳለ 5 አምፔር ልቀቁበትና በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለውን ቮልት ለኩ። 1 ቮልት ካሳየ ተቃውሞው 0.2 ኦም ነው፤ በ24 ቮልት ሲታነቅ (መዞር ሲያቅተው) 120 አምፔር፣ በ36 ቮልት ደግሞ 180 አምፔር ይስባል ማለት ነው። ተራ መለኪያ በኦም ማሳያው ይህን ያህል ትንሽ ቁጥር በትክክል አያነብም። ፍሬኑ የሚነቀለው ከዚህ በኋላ ነው። ዊልቸሩን በእጅ ለመግፋት ማርሹን የሚያላቅቀውን ማንሻ ደግሞ በብሎን ቆልፉት፤ አለበለዚያ አንድ ጠንካራ ምት ያላቅቀውና ሞተሩ እየጮኸ ሮቦቱ ባለበት ይቀራል።

በ24 ቮልት በደቂቃ 120 ዙር የሚሰጥ ሞተር በ30 ሳንቲ ሜትር ጎማ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሚሄደው። ያ የእግረኛ ፍጥነት ነው። በ36 ቮልት ወደ 10 ይወጣል፤ ለፍልሚያው ሦስት ደቂቃ ሞተሩ ይችለዋል፣ አምፔሩ ለሞተሩ ኤሌክትሪክ በሚመጥነው ኮንትሮለር እስከተገደበ ድረስ። ነፋስ ያለው ጎማ አይሁን፣ ድፍን ይሁን።

ለክንዱ የሞተር ሳይክል 428 ካቴና በቂ ነው፤ ትንሹ ጥርሳም ጎማ ባለ 14 ጥርስ፣ ትልቁ ባለ 42። 40 ሳንቲ ሜትር ክንድ የ100 ኪሎ ባላጋራን ግማሽ ክብደት ለማንሳት 200 ኒውተን ሜትር ያህል ይፈልጋል፤ ሦስት እጥፍ ሲቀነስ ለማርሽ ሳጥኑ 67 ብቻ ይደርሰዋል። ትልቁን ጥርሳም ጎማ ከአክሱ ጋር በመካከላቸው በሚገባ አንድ ቀጭን ብረት ብቻ አታያይዙት፤ ይቆረጣል። ከክንዱ ጎን ጋር በስድስት ብሎን እሰሩት።

ባትሪ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት አሮጌ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ባትሪ እንዳለ በመግጠም ነው። በውስጡ ያለው የመከላከያ ቦርድ ብዙውን ጊዜ በ20 ወይም በ30 አምፔር ይዘጋል፤ መጀመሪያ ሲገፋፉ ሮቦቱ ድርቅ ይላል። በአማካይ 60 አምፔር ለሦስት ደቂቃ 3 አምፔር ሰዓት ነው። ትልቅ ባትሪ ሳይሆን ብዙ አምፔር በአንዴ የሚሰጥ ነው የሚፈለገው። የርካሽ ስኩተር ኮንትሮለር ደግሞ ብዙ ጊዜ የኋላ ማርሽ የለውም፤ ከመግዛት በፊት መጠየቅ ነው።

ለጋሻው አንድ ካሬ ሜትር የ6 ሚሊ ሜትር ላሜራ 47 ኪሎ ነው፤ ዙሪያውን በእሱ መሸፈን አይታሰብም። ብረቱ ከፊት ብቻ ይሁን፤ ጎኑ 20 ሚሊ ሜትር ፖሊኢቲሊን፣ በካሬ 19 ኪሎ ገደማ። ለሽብልቁ የጭነት መኪና ባሌስትራ የሚያምር ብረት ነው፣ ግን አትበይዱት። ከብየዳው ዳር ያለው ክፍል ሲቀዘቅዝ እንደ ብርጭቆ ይሰባበራል። ቀዳዳውን በጠንካራ ትራፓኖ ጫፍ፣ በዝግታና በዘይት ብሱና በብሎን እሰሩት፤ በመሐል ወፍራም ላስቲክ ይግባ። የሞተሮቹ የማርሽ ሳጥን አሉሚኒየም ነውና ምቱን በቀጥታ ከተቀበለ ይሰነጠቃል።

ወለል ላይ ከማውረድ በፊት ጎማዎቹን በድጋፍ ከመሬት አንሱ፣ ሞተሮቹ እየዞሩ ሳለ ሪሞቱን አጥፉ። የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለው ሪሲቨር ርካሽ ከሆነ አንዳንዱ የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዞ ይቀጥላል። ጎማው ካልቆመ ሪሲቨሩን አስተካክሉ ወይም ቀይሩ። ባትሪውን የሚያቋርጠው ተነቃይ ሶኬት ደግሞ ከክንዱ መንገድ ውጭ፣ ሮቦቱ ተገልብጦም እጅ በሚደርስበት ቦታ ይሁን።