ዓይኗ ጠራ ብላችሁ ፕሬድኒሶሎኑን አታስቁሟት

ደሴም ሁኑ ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ሁኑ ባቲ፣ ቤታችሁ ውስጥ ኦቶኢሚውን ሄፓታይተስ የተባለ ሰው ካለ ይሄን አንብቡልኝ። ታናሽ እህቴ አለባት፣ ክትትሏን አብሬያት እየተመላለስኩ ነው የማውቀው። ሐኪም አይደለሁም፣ የመድኃኒት መጠን አልነግራችሁም፣ ግን አንድ ነገር ደግሜ ደጋግሜ ስላየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም፦ ሰው ቢጫ የነበረው ዓይኑ ሲጠራ ምግብ ሲበላ ጉልበቱ ሲመለስ "እንግዲህ ድኛለሁ፣ ይሄ ክኒን ፊቴን አሳበጠው" ይልና ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ዋና መድኃኒቱን በራሱ ያቆማል፣ ከዛ ትንሽ ቆይቶ ከበፊቱ ብሶ ይመጣል።

መጀመሪያ በሽታው ምን እንደሆነ ልበል። ይሄ ቫይረስ አይደለም። ጀርም እንዲዋጉ የተፈጠሩት የሰውነታችን መከላከያ ሴሎች ጉበትን እንደ ባዕድ ቆጥረው ያጠቁታል፣ በቃ ይሄው ነው። ለምን እንደሚጀምር በትክክል አይታወቅም፣ በዘር ያለ ዝንባሌ ላይ የሆነ ነገር ሲጨመርበት ነው ይላሉ፣ ከወንድ ይልቅ ሴቶችን በብዛት ይይዛል፣ በየትኛውም ዕድሜ ይመጣል። ሄፓታይተስ የሚለውን ስም የሰማ ጎረቤት ግን ይደነግጣል። ቡና ተፈልቶ ሲኒዋን ለብቻ ያስቀመጡባት ቀን እህቴ እንዴት እንደከፋት እኔ ነኝ የማውቀው። አይተላለፍም! በሲኒ አይተላለፍም፣ በመሶብ አይተላለፍም፣ በመሳሳም አይተላለፍም፣ ከባልና ሚስት አንዱ ለሌላው አይሰጠውም።

እኛ አገር ዓይን ቢጫ ሲሆን የወፍ በሽታ ነው ይባልና ሥር ቀጥቅጦ ማጠጣት፣ ክንድ መተኮስ ይጀመራል፣ እሷም ላይ ያ ሁሉ ሲሞከር ጊዜ ሄደ። ክፋቱ ደግሞ አንዳንዱ ሥርና ቅጠል ራሱ ጉበት ይጎዳል። ጫትም እንደዛው፣ አብዝተው የሚቅሙ ሰዎች ላይ ልክ ይሄንኑ በሽታ የሚመስል የጉበት ጉዳት መታየቱ ተጽፏል፣ ስለዚ ሐኪሙ ትቅማለህ ወይ ብሎ ሲጠይቅ አትደብቁት፣ ሊወቅሳችሁ ሳይሆን ለመለየት ነው። በሽታው የሚታወቀው ብዙ ነገር ተደምሮ ነው፣ የጉበት ኤንዛይም ከፍ ማለቱ፣ የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ቫይረስ አለመኖሩ፣ መከላከያው የራስን ሰውነት ለማጥቃት የሚሠራቸውን ፕሮቲኖች የሚፈልገው የአንቲቦዲ ምርመራ፣ አይጂጂ የሚባለው ፕሮቲን መብዛቱ፣ ከዛም ከጉበት በመርፌ ትንሽ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ የሚታየው ባዮፕሲ። ለእኛ የአንቲቦዲው ናሙና ወደ አዲስ አበባ ነው የተላከው፣ እስኪመጣ ያለው ጭንቀት አይወራም።

ሕክምናው የቆየና የተፈተነ መሆኑ ነው እኔን ያጽናናኝ። በ1971 እንደ ፈረንጆቹ ለንደን ሮያል ፍሪ ሆስፒታል የጉበት ሐኪሟ እነ ሺላ ሼርሎክ ያወጡት ጥናት ላይ ፕሬድኒሶሎን ካልወሰዱት ከግማሽ በላይ ሲሞቱ ከወሰዱት የሞቱት ግን ጥቂት ነበሩ። ማለትም ሰው "መርዝ ነው" የሚለው ክኒን ዕድሜ የሚሰጥ ክኒን ነው። ፕሬድኒሶሎን ያበደውን መከላከያ ቶሎ ያበርደዋል፣ ቀጥሎ አዛታዮፕሪን የሚባለው ይጨመራል፣ እሱ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፣ የመከላከያ ሴሎቹ እንዳይባዙ ያደርጋል፣ እሱ ሥራውን ሲይዝ የፕሬድኒሶሎኑ መጠን ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። ፊት ማበጡ፣ ራቡ፣ እንቅልፍ ማጣቱ አብዛኛው መጠኑ ሲወርድ ይቀንሳል። ስኳርና ግፊት ግን መለካት አለበት፣ አጥንትም ስለሚያሳሳ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ይታዘዛል። አዛታዮፕሪን ደግሞ ነጭ የደም ሴል ሊያወርድ ስለሚችል የደም ቆጠራ ቀጠሮ አይዘለልም፣ ትኩሳት ከመጣ ነገ እናየዋለን አይባልም። እሱ ያልተስማማው ሰው ወደ ማይኮፌኖሌት ይዛወራል፣ ይሄኛው ፅንስ ስለሚጎዳ ልጅ ለምታስብ ሴት በፍጹም ሳትነጋገር አይጀመርም። ታክሮሊመስም አለ፣ ሪቱክሲማብም ለጠናበት ሰው ይሞከራል። አሁን ተመራማሪዎች የሚደክሙበት መከላከያውን በሙሉ ከማዳከም ይልቅ "ተዉ፣ ይሄ የራሳችን ነው" የሚሉትን ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች ማብዛት ላይ ነው፣ ገና ምርምር ላይ ነው ያለው፣ እኔ ግን በጉጉት ነው የምከታተለው።

ሕክምናው ሳይጀመር በፊት መጠየቅ ያለበት ነገር አለ፣ ይሄ ለእኛ አገር ትልቅ ነው፦ ሄፓታይተስ ቢ እና ቲቢ ተመርምሯል ወይ? ሁለቱም እኛ ጋ ብዙ ናቸው፣ ተደብቀው የተኙ ከሆነ መከላከያው ሲዳከም ይነሳሉ። ሐኪሙ ቢረሳ እናንተ አስታውሱት፣ ነውር የለውም።

ስለ ማቆም ልመለስ። ፕሬድኒሶሎን ከቆየ ሰውነት ኮርቲሶል የሚባለውን የራሱን ተመሳሳይ ሆርሞን ማምረት ይተዋል፣ ድንገት ሲቆም ግፊት ይወርዳል፣ ማስታወክና መዝለፍለፍ ይመጣል፣ ሊገድልም ይችላል። ይሄ ከጉበቱ ውጪ ራሱን የቻለ አደጋ ነው። ጉበቱ ደግሞ ከውጭ ዓይን ጠርቶ ውስጡ ገና እየተቃጠለ ሊሆን ይችላል፣ ለዚህ ነው ኤንዛይሙና አይጂጂው ተስተካክሎም ቢያንስ 2 ዓመት መድኃኒቱ የሚቀጥለው፣ ከዛ በኋላ እንኳ ሲቆም ብዙ ሰው ላይ ያገረሻል፣ ዕድሜ ልክ የሚወስዱም አሉ።

ወሎ ነንና ጠበሉም ዱዓውም አለ፣ እናቴ ሁለቱንም አስደርጋለች፣ አንዱንም አትተዉ፣ ክኒኑ ከሁለቱም ጋ አይጣላም። ጠበል በባዶ ሆድ ጠጥቶ የሚያስመልስ ሰው ክኒኑን አስቀድሞ ከዋጠ አብሮ ይወጣልና ሰዓቱን ሐኪሙን ጠይቆ ያስተካክል። ረመዳን ላይም ፆሙ ከመግባቱ ቀደም ብሎ ሐኪሙን ማማከር ነው፣ በራስ ውሳኔ ክኒን መዝለል የለም። እህቴን "በሽተኛ ነሽኮ፣ ቀዷ ትከፍያለሽ" (ያልጾምሽውን በኋላ ትጾሚያለሽ) ያሏት ሼኽ ነበሩ፣ አላህ ይስጣቸው፣ እኛ ብንላት እሺ አትልም ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ፣ የጉበት ኦቶኢሚውን ሁሉ አንድ አይደለም። የትናንሾቹን የሐሞት ቱቦዎች የሚያጠቃው ፒቢሲ የሚባለው ዋና መድኃኒቱ ኡርሶዲኦክሲኮሊክ አሲድ ነው፣ ትልልቆቹንም የሐሞት ቱቦዎች እያጠበበ የሚያጠቃው ፒኤስሲ የሚባለው ላይ ደግሞ መከላከያን ማብረድ ለውጥ እንደሚያመጣ አልተረጋገጠም። ስለዚ "የእገሌ እህት በዚህ ዳነች" ብላችሁ የእኛን ክኒን አትዋሱ፣ እኔም በውስጥ መስመር ስሙንና መጠኑን ስትጠይቁኝ ያልመለስኩት ለዚህ ነው።

ክኒኑ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ፋርማሲ ሂዱ፣ አዛታዮፕሪን ሁሌ አይገኝም፣ ከጠፋ ደሴ ላይ ብቻ አትፈልጉ፣ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ አስደውሉ፣ ሐኪሙንም ወዲያው አሳውቁ፣ እስኪገኝ ፕሬድኒሶሎኑን ምን እንደሚያደርግ እሱ ይወስናል።