ውጥረቱ ልክ፣ ጉዞው ግማሽ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 8 ቀን 2003 ጠዋት አሜሪካ ሻርሎት ከተማ፣ የኤር ሚድዌስት በረራ 5481 ተነሣ። አውሮፕላኑ ቢችክራፍት 1900ዲ ነው፤ 19 መንገደኞችና 2 አብራሪዎች ይዟል። መሬት እንደለቀቀ አፍንጫው ሽቅብ ወጣ። መሪው ወደ ፊት ቢገፋም አፍንጫው አልመለስ አለ፤ ብዙም ሳይቆይ አውሮፕላኑ የአየር ማረፊያው ሃንጋር (የአውሮፕላን መጠገኛ አዳራሽ) ላይ ወደቀ። 21ዱም ሞቱ።

ከሁለት ሌሊት በፊት፣ ዌስት ቨርጂኒያ ሃንቲንግተን ከተማ ውስጥ፣ የኤሌቬተሩ (አፍንጫውን ሽቅብና ቁልቁል የሚመራው የጭራ ክንፍ ተንቀሳቃሽ ክፍል) ኬብሎች ላልተው ስለተገኙ ተወጥረው ነበር። ኤሌቬተሩን የሚስቡት ሁለት ኬብሎች ናቸው፤ አንዱ ለአፍንጫ ሽቅብ፣ ሌላው ለቁልቁል። ርዝመታቸው የሚስተካከለው በተርንበክል፣ ማለትም ሲዞር ኬብሉን በሚያሳጥር ወይም በሚያስረዝም ማያያዣ ነው። አንዱን አሳጥሮ ሌላውን ማስረዘም ውጥረቱን ሳይነካ መካከለኛውን ቦታ ያዛባል። ስለዚህ የውጥረት መለኪያው ትክክለኛ ቁጥር ማሳየቱ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ማኑዋሉ ሙሉውን ቅደም ተከተል የሚያዘውም ለዚህ ነው፤ መካኒኩ ግን ለውጥረት አያስፈልጉም ያላቸውን እርምጃዎች ዘለለ። 14 ዲግሪ ገደማ መሆን የነበረበት የኤሌቬተሩ የቁልቁል ጉዞ፣ ማለትም ወደ ታች መንቀሳቀስ የሚችልበት መጠን፣ ወደ 7 ወረደ።

መካኒኩ በዚህ ዓይነት አውሮፕላን ላይ ያን ሥራ ሲሠራ የመጀመሪያው ነበር። እያሠለጠነ ያሠራው ኢንስፔክተርም ያንኑ ሥራ መርምሮ ያሳለፈው ራሱ ነው። በእኔ እምነት የጉዳዩ ከባዱ ክፍል ይህ ነው፤ እርምጃው ይዘለል ሲባል የተስማማ ዓይን በኋላ ስህተቱን አያየውም።

አውሮፕላኑ ከጥገናው በኋላ ዘጠኝ ጊዜ በሰላም በሯል። በአሥረኛው ጭነቱ ከገደብ በላይ ነበር፣ የክብደት ማዕከሉም ከተፈቀደው ወደ ኋላ አልፎ ነበር፤ ያኔ የጎደለው ዲግሪ ተፈለገ። ለመንገደኞች የሚታሰበው አማካይ ክብደት ከእውነተኛው ያነሰ ስለነበር ወረቀቱ ላይ ችግር አልታየም።

በዚያው ዓመት ኦገስት 26 ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ ከሃያኒስ የተነሣ ሌላ 1900ዲ ባሕር ውስጥ ወደቀ፤ ሁለቱ አብራሪዎች ሞቱ። እዚህ የተነካው ትሪም፣ ማለትም አብራሪው መሪውን ሳይገፋ አፍንጫውን በቦታው የሚያቆይ ማስተካከያ ነው። የፊተኛው የትሪም ኬብል ሲቀየር በስህተት ስለገባ ትሪሙ ተገልብጦ ይሠራ ነበር። ማኑዋሉም የትሪሙን ከበሮ (ኬብሉ የሚጠቀለልበትን) የሳለው ተገልብጦ ነበር። ከጥገናው በኋላ የተደረገው ፍተሻ በቂ አልነበረም፤ አብራሪዎቹም የቼክሊስቱን ሂደት አልተከተሉም።

ትሪም ላይ በቀላሉ የሚያሳስት ነገር አለ። ትሪም ታቡ (ኤሌቬተሩ የኋላ ጠርዝ ላይ ያለ ትንሽ ተንቀሳቃሽ ክፍል) የሚሄደው ከኤሌቬተሩ ተቃራኒ ነው፤ ለአፍንጫ ሽቅብ የታቡ የኋላ ጠርዝ ወደ ታች መውረድ አለበት። ጭራው ሥር ቆሞ "ተንቀሳቅሷል" የሚል ሰው ምንም አልፈተሸም። 1900ዲ ላይ ደግሞ ኤሌቬተሩ ጭራው አናት ላይ ስለሆነ ከኮክፒት (ከአብራሪዎቹ ክፍል) አይታይም።

እንግዲህ ኬብል የተነካበት አውሮፕላን ሲፈተሽ፣ አንዱ ኮክፒት ውስጥ ሌላው በመሰላል ጭራው ዘንድ ይሁኑ። ጭራው ዘንድ ያለው ሥራውን ያልሠራ ሰው ይሁን። "ወደ ታች ወረደ?" ብሎ መጠየቅ መልሱን አብሮ መስጠት ነው፤ ጥያቄው "ወዴት ሄደ?" ይሁን። ከዚያ መሪው እስከ ማቆሚያው ተገፍቶ ጉዞው በዲግሪ ይለካ፤ ሽቅቡም ቁልቁሉም ለየብቻ በቁጥር ይጻፍ፤ "ተፈትሿል" የሚል ምልክት ብቻ አይበቃም። የበረራ መቅጃው የኤሌቬተር ዳሳሽም እንደገና ይስተካከል። ሻርሎት ላይ በወደቀው አውሮፕላን ይህ እርምጃ ከተዘለሉት አንዱ ነበር፤ ቢሠራ ኖሮ የጉዞው ማነስ እዚያው ሃንጋር ውስጥ ይታወቅ ነበር።