ቦዲው ሳይነሳ አልበይድም

የመኪና የኋላ በር አልዘጋ ሲል ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ባትላሜራ፣ ወደ ቆርቆሮ አቃኚው፣ ነው። ባትላሜራው ማጠፊያውን ያስተካክላል። በሩ ለጥቂት ቀን ይዘጋል፣ ከዚያ መልሶ እምቢ ይላል። ደብረ ማርቆስ እኛ ጋራዥ የገባችው ላንድክሩዘር ሃርድቶፕም በዚሁ መንገድ አልፋለች። ማጠፊያዎቿ በመዶሻ ተቀጥቅጠው ቀለማቸው ተልጧል። በሩ ከላይ ሲገጥም ከታች ይከፈታል፤ ከታች ሲገፉት ደግሞ ከላይ ይወጣል።

መኪናዋ ከጮቄ ሥር ካሉ ቀበሌዎች ድንችና ገብስ እየጫነች ማርቆስ የምትመላለስ ናት። የጮቄ ጫፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ክረምቱ ይከብዳል፣ መንገዱም ድንጋይና ጭቃ ነው። በገበያ ቀን ደግሞ ከጆንያው ጋር ሰው ይጫናል።

ሥሯ ገብቼ ሻንሲውን፣ ማለት ከሥር ሆኖ መኪናዋን የሚሸከመውን የብረት አጽም፣ በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረግሁት። ጤነኛ ብረት ሲመታ ይጮሃል። ሻንሲው ከኋላ አክስል በላይ ጎበጥ ብሎ የሚያልፍበት ቦታ ስደርስ ድምፁ ታፈነ። ጭቃውን በሽቦ ብሩሽ ስጠርገው ስንጥቁ ታየ። ከታችኛው ጠርዝ ተነስቶ በጎኑ ሽቅብ ሄዷል። መጨረሻው አይታይም፤ ከላይ የቦዲው ወለል ተጭኖታል። ያኔ የበሩ ነገር ገባኝ። ቦዲውን መሸከም የነበረበት ሻንሲ፣ ራሱ በቦዲው ተይዞ ነበር የሚሄደው።

ባለቤቱ ትልቅ ሰው ናቸው። ወጥቼ ነገርኳቸው።

«ጋሼ፣ ቦዲው መነሳት አለበት።»

«ምን አልከኝ?»

«ቦዲውን ከሻንሲው ለይተን ማንሳት አለብን። አለዚያ የላይኛው ጠርዝ አይበየድም።»

«ኧረ ወንድምዓለም! ስንጥቅ በይድልኝ አልኩህ እንጂ መኪናዬን በታትንልኝ አልኩህ? አንድ ምሰሶ ተሰነጠቀ ተብሎ ቤት ይፈርሳል?»

«ምሰሶው ግድግዳው ውስጥ ከሆነ ግድግዳው መነካቱ አይቀርም ጋሼ።»

«ተወኝ እስቲ። አንተ ገንዘብ ነው የፈለግኸው።»

ይቺ ንግግር ዛሬም ትቆረቁረኛለች። እኔ ደመወዝተኛ ነኝ። ቦዲው ተነሳ አልተነሳ ኪሴ ውስጥ የሚገባው ያው ነው። የባሰው ግን አለቃዬ ነው። ከቢሮው ወጥቶ፣ መኪናዋን ጎንበስ ብሎ እንኳ ሳያይ፣ «ጋሼ እንዳሉት ከታች በይድላቸውና ይሂዱ» አለኝ። «ሌላ ጋራዥ ቢወስዷት ግማሽ ቀን አይፈጅም።»

«እኔ አልበይድም» አልኩ። ጋራዡ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየኝ።

ግትር ሆኜ አይደለም። ከታች ሆኖ የሚበይድ ሰው የሚደርሰው የሻንሲውን ታችና ጎን ብቻ ነው። ላይኛው ጠርዝ እንደተሰነጠቀ ይቀራል፤ ስንጥቁም ከዚያው ተነስቶ ጉዞውን ይቀጥላል። በዚያ ላይ የፍሬን ቱቦውና የኤሌክትሪክ ሽቦው ሻንሲውን ተከትለው ነው የሚያልፉት። የነዳጅ ታንከሩም ሩቅ አይደለም። ከወለሉ በላይ ደግሞ ምንጣፍ አለ። አንዲት ፍንጣሪ ትበቃለች። ይህም ባይሆን፣ ያቺ መኪና ሰው ጭና ቁልቁለት ስትወርድ ሻንሲው ቢለቅ፣ «ከታች በይደው ብለውኝ ነው» ብዬ ለማን ልናገር?

ብዙ ተባባልን። በመጨረሻ ካቻቢቴውን ሰጠኋቸውና፣ «ጋሼ፣ ራስዎ ገብተው ይዩት። ይቺን ስንጥቁ አጠገብ ይግፏት» አልኳቸው። ጋቢያቸውን ለአንዱ ልጅ ሰጥተው ካርቶን ላይ ተኙና ገቡ። ጥቂት ቆይቶ «አረ በማርያም!» የሚል ድምፅ ሰማን። ካቻቢቴው ብረቱን በስቶ ገብቷል። ሲወጡ ፊታቸው ላይ ጭቃ ነበር። አለቃዬን አላዩትም። ወደ እኔ ዞረው «አንሳው በቃ» አሉ።

ቦዲ ማንሳት ጉልበት ብቻ የሚመስለው ሰው አለ። ዋናው ሥራ ግን ከማንሳቱ በፊት ያለው ነው። መጀመሪያ ባትሪው ይፈታል። መቀመጫውና ምንጣፉ ይወጣል። ከዚያ ቦዲውንና ሻንሲውን የሚያገናኘው ነገር አንድ በአንድ ይለያል፦ የመሪው ዘንግ፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን ቱቦ፣ የእጅ ፍሬን ካቦ፣ የማርሽ ዘንጎቹ፣ የራዲያተሩ ጎማዎች፣ የነዳጅ መሙያው ጎማ። የሽቦው ሶኬት ሁሉ ፎቶ ይነሳል፣ ፕላስተር ተለጥፎበት ቁጥር ይጻፍበታል። ከሁሉም የሚረሳው ከሞተሩ ወደ ቦዲው የሚሄደው የማሳ ገመድ፣ የኤሌክትሪኩ መመለሻ፣ ነው። ሁሉም ነገር ተፈታ ተብሎ ቦዲው ሽቅብ ሲል ያቺ ገመድ ትወጠራለች፤ ካልታየች ተበጥሳ ነው የምትቀረው። እኛ ከባትሪው ቀጥሎ መጀመሪያ የፈታነው እሷን ነው።

የቦዲው ቡሎኖች ዝገው ስለነበር ዘይት አጠጥተናቸው አደሩ። አንዳንዶቹ በመፍቻ እሺ አሉ። የቀሩትን በግራይንደር ቆረጥናቸው። ቦዲው ሲነሳ እንዳይጣመም የበሮቹን ክፍተት በአንግል ብረት ወጠርነው። ከዚያ ባሕር ዛፍ አጣና ከሥሩ አጋድመን በአራት ክሪክ፣ በአራቱም ማዕዘን እኩል፣ በጥቂት በጥቂቱ ከፍ አደረግነው። በየመሃሉ ግንድ እንደግፋለን። በቂ ከፍታ ሲያገኝ ሻንሲውን ከነሞተሩ በራሱ ጎማ ገፍተን ከሥሩ አወጣነው።

ሻንሲው ላይ የነበረው ጭቃ አንድ ጋሪ ይሞላል። መሃሉ ላይ የወደቀ ገብስ በቅሎ፣ ብርሃን ሳያገኝ ነጥቶ ቆሟል። ጭቃውን ስንጠርግ ከሥሩ አሮጌ ልጥፍ ብረት ወጣ። ከዚህ በፊት አንዱ በያጅ ከታች ሆኖ ለጥፎታል። የልጥፉን ጫፍ ቀጥ አድርጎ ቆርጦ፣ ሻንሲውን ከታች ወደ ላይ አቋርጦ በይዶታል። ስንጥቁ የጀመረው በትክክል ከዚያች የብየዳ መስመር ላይ ነው። ግማሽ ቀን የማይፈጀው ሥራ ማለት ይኸው ነበር። ባለቤቱ አይተውት ዝም አሉ። ማን እንደበየደው ያውቃሉ፤ እኔም አልጠየቅኋቸው።

ልጥፉን አንስተን የበሰበሰውን ቆረጥን። በጤነኛው ብረት ላይ የቀረውን ስንጥቅ ጫፉን በድሪል በሳነው፤ ስንጥቅ ክብ ቀዳዳ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ጠርዞቹን በግራይንደር ቦይ አስወጥተን ብየዳው እስከ ውስጥ እንዲገባ አደረግን። የተጠቀምነው 7018 የሚባለውን ኤሌክትሮድ፣ የብየዳ ዘንግ፣ ነው፤ እርጥበት ስለማይወድ እስክንበይድበት ድረስ ከሙቀት አላወጣነውም። ማጠናከሪያውን ብረት እንደ ፊተኛው በያጅ ቀጥ አድርገን ሳይሆን ጫፉን ሰያፍ ቆርጠን ገጠምነው። ከመበየዳችን በፊትም በኋላም ሻንሲውን ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሜትር ለካን። ሁለቱ ልኬቶች እኩል ካልመጡ ሻንሲው ተጣሟል ማለት ነው። እኩል መጡ።

በቦዲውና በሻንሲው መሃል አዳዲስ ጎሚኒ፣ የጎማ ትራስ፣ አስገብተን ቦዲውን መልሰን አስቀመጥነው። ማጠፊያውን ማንም አልነካውም። የኋላ በሩን በሁለት ጣት ገፋሁት፤ ተዘጋ። ረዳቶቹ ልጆች አጨበጨቡ። እኔም ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

ሂሳብ ላይ ግን ሌላ ክርክር መጣ። ባለቤቱ «ለብየዳው እከፍላለሁ። ለማንሳትና ለመመለስ ምን የሚከፈል አለ? ምን ተጨመረልኝ?» አሉ። አለቃዬ አልተከራከረም። የቀነሰላቸውን ግን ከጋራዡ ድርሻ አላነሳም፤ ከረዳቶቹ ልጆች የቀን ሂሳብ ላይ ነው የቆረጠው። ክሪክ ያሽከረከሩት፣ አጣና የተሸከሙት፣ ጭቃ የጠረጉት እነሱ ናቸው። አንደኛው ጣቱ በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር። ቢሮ ገብቼ ልክ እንዳልሆነ ነገርኩት። «ደንበኛ እንዳይሄድብን ነው» አለኝ።

አሁን አለቃዬ ለሚመጣው ደንበኛ ሁሉ «እኛ ጋ ቦዲ ሳይነሳ ሻንሲ አይበየድም» ይላል። ያቺን ቀን የተናገረውን የሰማ ሰው ሁሉ ጋራዡ ውስጥ አለ፤ ግን ማንም አይናገርም። እኔ በዚህ አልከራከርም። ሥራው በትክክል ይሠራ እንጂ ማንም የኔ ነው ይበለው። የልጆቹ ገንዘብ ግን አልወጣልኝም። ከዚያ ወዲህ ቦዲ የሚነሳበት ሥራ ሲመጣ፣ የመጀመሪያው ቡሎን ሳይፈታ ማንሳቱና መመለሱ ለብቻው ዋጋ ወጥቶለት፣ የረዳቶቹ ድርሻ ደንበኛው ፊት ወረቀት ላይ ይጻፋል። አለቃዬ አልወደደውም። ልጆቹ ግን ወረቀቱን ሳያዩ ክሪክ አያነሱም።